የኮረብታው መዝገብና የግርጌው ገበያ፤ የናካሴሮ የንግድ ቁጥጥር ታሪክ

ናካሴሮ የዩጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከተመሠረተችባቸው ኮረብታዎች አንዱ ነው። ከአናቱ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ቤትና ኤምባሲዎች፣ ከወገቡ ፓርላማው፣ ባንኮች፣ የጠበቆችና የሂሳብ አዋቂዎች ቢሮዎች፣ ከግርጌው ደግሞ በኮረብታው ስም የሚጠራው የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ሰፍረውበታል፤ በመሆኑም ደንብ የሚያወጣውና ደንብ የሚወጣበት በአንድ ዳገት ላይ ከላይና ከታች ሆነው የሚተያዩበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ የታክስ ባለሙያዎች ዘንድ «የሕግ ተገዢነት» የሚባለው ነገር አንድ ድርጅት መመዝገቡን፣ ፈቃዱን ማሳደሱን፣ ግብሩን በወቅቱ መክፈሉን፣ የሠራተኞቹን የጡረታ መዋጮ ማስገባቱንና ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ማሳወቁን በሰነድ የማረጋገጥ ግዴታ ሲሆን፣ ዛሬ በካምፓላም እንደ ሌላው ዓለም ይህን ግዴታ የሚከታተሉ፣ ቀነ ገደብ ሳያልፍ የሚያስታውሱና ማስረጃን በአንድ ቋት የሚያስቀምጡ ሶፍትዌሮች የሚሸጡበት የሥራ መስክ ተፈጥሯል። ሥራው በመልኩ አዲስ ቢሆንም፣ የሚመልሰው ጥያቄ ግን በናካሴሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅ የኖረ ነው፤ ጥያቄውም ስንት ተከፈለ ከሚለው ይልቅ የሱቁ ባለቤት ማን ነው፣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረውስ ስም በሱቁ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ጋር ይገጥማል ወይ የሚለው ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ታሪክ መነሻ ራሱ አንድ ኩባንያ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1888 ከብሪታንያ ዘውድ ቻርተር፣ ማለትም በንጉሣዊ ደብዳቤ የሚሰጥ የመነገድና የማስተዳደር ሥልጣን፣ የተቀበለው ኢምፔሪያል ብሪቲሽ ኢስት አፍሪካ ካምፓኒ ወኪሉን ካፒቴን ፍሬደሪክ ሉጋርድን ወደ ቡጋንዳ ልኮ፣ ሉጋርድም በታኅሣሥ 1890 ዛሬ አሮጌው ካምፓላ በሚባለው ኮረብታ ላይ ምሽጉን ሠራ። ኩባንያው ግብር የመሰብሰብ፣ የመዳኘትና የመዋጋት ሥልጣን ቢኖረውም ወጪው ከገቢው እየበለጠበት ሄዶ ካዝናው ሲራቆት ለመውጣት ወሰነ፤ የሚስዮን ደጋፊዎች በእንግሊዝ ባሰባሰቡት ገንዘብ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ በ1893 ቦታውን ለመንግሥት ልዑክ ለሰር ጄራልድ ፖርታል ለቀቀ፤ በ1894ም ቡጋንዳ የብሪታንያ ጥብቅ ግዛት ተባለች። ስለዚህ በዚህ አገር የሌሎችን ሂሳብ ለመቆጣጠር የመጣው የመጀመሪያው ተቋም የራሱን ሂሳብ ማመጣጠን ያቃተው የንግድ ማኅበር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጋቢት 10 ቀን 1900 በብሪታንያ መንግሥት ወኪል በሰር ሃሪ ጆንስተንና በሕፃኑ ካባካ፣ ማለትም በቡጋንዳ ንጉሥ፣ እንደራሴዎች መካከል የተፈረመው የቡጋንዳ ስምምነት በየጎጆው 3 ሩፒ፣ በየጠመንጃውም እንዲሁ 3 ሩፒ ዓመታዊ ግብር ጣለ። ሩፒ የሕንድ ገንዘብ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ እስከ 1920 ገደማ ሲገበያዩበት ቆይቷል። የስምምነቱ ውጤት በተለምዶ የሚጻፈው ከመሬት ክፍፍሉ አንጻር ነው፤ ለንግድ ታሪክ ግን ከዚያ የማይተናነሰው ጉዳይ ጎጆ በቁጥር መያዙ፣ ባለጎጆ በስም መጻፉና የከፈለ ሰው ወረቀት ይዞ መሄዱ ነው፤ የከፈለበትን ወረቀት ማሳየት ያልቻለ ሰው ደግሞ ቢከፍልም እንዳልከፈለ ይቆጠር ጀመር። ይህ ልማድ ስሙን እየለወጠ፣ በኋላም እንደ ገቢው ደረጃ የሚጣል የነፍስ ወከፍ ግብር ሆኖ፣ እስከ 2005 ድረስ ቆይቷል፤ በመንገድ ላይ ደረሰኝ አምጣ እየተባለ ይያዝ የነበረ ዩጋንዳዊ ትዝታም ከዚህ የመጣ ነው።

በነሐሴ 1902 የወጣው የዩጋንዳ ትእዛዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቋቁሞ የእንግሊዝን የጋራ ሕግ ወደ አገሪቱ ሲያስገባ፣ በርካታ የሕንድ ሕጎችም ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ተሻግረው በሥራ ላይ ዋሉ። በዚሁ ዘመን አስተዳደሩ ከአሮጌው ካምፓላ ወደ ናካሴሮ ተዛወረ፤ ከኮረብታው በታች ያለው ሜዳም በሕንድ ነጋዴዎች ሱቆች እየተሞላ ሄደ፤ ከነዚህም መካከል ከባሕር ዳርቻው ጀምሮ እስከ ዩጋንዳ ውስጥ ሱቅ የዘረጋው አሊዲና ቪስራም ይገኝበታል። ሱቆቹን ሰዉ «ዱካ» ይላቸው ነበር፤ ቃሉ ከአማርኛው «ዱካን» ጋር አንድ ሥር አለው። አብዛኛው ዱካ በሕግ ዓይን ኩባንያ አልነበረም፤ የአባትና የልጅ፣ የወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ንግድ ነበር፤ ሂሳቡም በጉጃራቲ ፊደል በቀይ ጨርቅ በተለበጠ መዝገብ ይያዝ ስለነበር ከቤተሰቡ ውጭ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነበር። በለንደን ባለአክሲዮኖች በ1903 የተቋቋመውና ጥጥን ለገበሬው በማስፋፋት የሚታወቀው ዩጋንዳ ካምፓኒ ዓይነቱ፣ የተመዘገበ ካፒታልና የተመረጡ ዳይሬክተሮች ያሉት ድርጅት፣ በዚያ ገበያ ውስጥ ብርቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የመሐመድ አሊን የሕንዶች ንግድ ቤት የሚያስታውስ አንባቢ ይህን የቤተሰብ ንግድ ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም።

ጥጥ ሀብት እየሆነ ሲመጣ ቁጥጥሩ ከግብር አልፎ ወደ ፈቃድ ተሸጋገረ። ጥጡን የሚያመርተው አፍሪካዊው ገበሬ ሲሆን፣ ፍሬውን ከጥጡ የሚለየው የመዳመጫ ፋብሪካና የመግዣ ፈቃዱ በአብዛኛው በእስያውያንና በአውሮፓውያን እጅ ነበር፤ ዋጋውንም መንግሥት ይወስን ነበር። በ1945 እና በ1949 በቡጋንዳ የተነሡት ሁከቶች ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ገበሬው ጥጡን ራሱ እንዲያዳምጥና ራሱ እንዲሸጥ መፈቀዱ ነበር። በ1959 ደግሞ ኦገስቲን ካምያ ይመሩት የነበረው እንቅስቃሴ አፍሪካዊ ካልሆነ ነጋዴ ዕቃ እንዳይገዛ አድማ አስነሣ። ፈቃድ የሚሰጠው ማን ለመነገድ የተገባ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆን በመሆኑ፣ ቢሮው ያዘጋጀው ቅጽ ሁሉ ከጀርባው የዘርና የዜግነት ጥያቄ ነበረው። በኋላ በ1972 በእስያውያን ነጋዴዎች ላይ የመጣው ጥፋት በአንድ ሰው፣ በኢዲ አሚን፣ እብደት ብቻ የሚተረጎምበት ልማድ ይህን የግማሽ ምዕተ ዓመት ዝግጅት ይረሳዋል።

በብሪታንያ የ1948 የኩባንያዎች ሕግ አምሳያ የተቀረጸው የዩጋንዳ የኩባንያዎች ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በጥር 1961 ነበር። በዚያው ወቅት፣ ከጥቂት ወራት በፊት በመስከረም 1960፣ በፈረንሳዮቹ ሊቃውንት በዣን ኤስካራና በአልፍሬድ ዦፍሬ የተረቀቀው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ በአዲስ አበባ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። ሁለቱ አገሮች ሁለት የተለያዩ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችን ቢከተሉም የተቀበሉት ሐሳብ አንድ ነው፦ ማኅበር ከአባላቱ የተለየ ሰውነት ያለው፣ በስሙ የሚከስና የሚከሰስ፣ ንብረት የሚይዝ ሕጋዊ ሰው ነው፤ ይህን ሰውነት የሚያገኘውም በመዝገብ ላይ በመጻፍ ነው። የዩጋንዳው ሕግ ኩባንያዎች በየዓመቱ ዳይሬክተሮቻቸውን፣ ባለአክሲዮኖቻቸውንና አድራሻቸውን የሚገልጽ ዓመታዊ መግለጫ ለመዝጋቢው እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ የዛሬው የተገዢነት ሶፍትዌር በመጀመሪያ ገጹ ላይ የሚያስታውሰው ቀነ ገደብ ይኸው ነው።

ነጻነት በ1962 ከመጣ በኋላ መዝገቡና ፖለቲካው እየተቀራረቡ ሄዱ። በ1969 የወጣው የንግድ ፈቃድ ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች የሚነግዱባቸውን ቦታዎችና የዕቃ ዓይነቶች ገደበ፤ ግንቦት 1 ቀን 1970 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሚልተን ኦቦቴ ከናካሴሮ ቁልቁል በሚገኘው በናኪቩቦ ስታዲየም መንግሥት የትልልቅ ድርጅቶችን 60 በመቶ ድርሻ እንደሚወስድ አወጁ። አዋጁ ሥር ሳይሰድ በጥር 1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዘ።

ነሐሴ 4 ቀን 1972 አሚን እስያውያን በ90 ቀናት ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከ50,000 በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሰዎች ወጡ፤ ከነዚህም ከ27,000 የማያንሱት ወደ ብሪታንያ ገቡ። ስለዚህ መፈናቀል ብዙ ተጽፏል፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይወሳው የወረቀት ሥራ ነው። በዚያው ዓመት በወጣ ድንጋጌ ተባራሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ንብረታቸውን፣ ዕዳቸውን፣ የባንክ ሂሳባቸውንና የሚሰበስቡትን ብድር በቅጽ እንዲሞሉ ታዘዙ፤ ቅጽም ሞሉ። ለመንግሥት ባለቤትነትን የማሳወቅ ግዴታ በናካሴሮ ግርጌ እንደዚያ ወራት ያህል በጥንቃቄ የተፈጸመበት ጊዜ አይታወቅም፤ ዓላማው ግን ባለቤቱን ማስከበር ሳይሆን መንቀል ነበር። ሕግን መከተል በራሱ ጥበቃ አይሆንም፤ ቅጹን የሚቀበለው ወገን ለሕግ ካልተገዛ፣ በትክክል የተሞላው ቅጽ ለዘራፊው የዕቃ ዝርዝር ሆኖ ያገለግላል።

ከ5,600 በላይ የሚሆኑ ድርጅቶች፣ እርሻዎችና የከብት ማርቢያዎች ለአዲስ ሰዎች ታደሉ፤ አብዛኛው ድርሻም ወታደሮችና የሥርዓቱ ቀራቢዎች ዘንድ ደረሰ። እነዚህን ባለጸጎች ሕዝቡ በስዋሂሊ «ማፉታ ሚንጊ» አላቸው፤ ቃል በቃል «ብዙ ዘይት» ማለት ሲሆን በሰውነትም በኪስም የወፈረ ሰው ስም ሆነ። ሸሚዝ የተደለደለለት አዲስ ባለሱቅ በአንገትጌው ላይ የተጻፈውን የልክ ቁጥር እንደ ዋጋ ቆጥሮ ሸጠ የሚለው ቀልድ እስከ ዛሬ በካምፓላ ይነገራል፤ እውነት ይሁንም አይሁንም ሁኔታውን ይገልጸዋል፤ መዝገቡ በሱቁ ውስጥ ቀርቷል፣ አንባቢው ግን ሄዷል። በ1973 የተባራሪዎቹን ንብረት የሚይዝ ባለአደራ ቦርድ ተቋቋመ፤ በሕግ ባለአደራው ቦርድ፣ በመሬት ይዞታ መዝገብ የቀድሞው ባለቤት፣ በሱቁ ውስጥ ደግሞ የተደለደለው ሰው ነበሩና አንድ ግድግዳ ሦስት ባለቤት አገኘ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ማስታወሱ አይቀርም፤ ንጽጽሩ ጠቃሚ ነው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። በኢትዮጵያ ቤቱ ከግለሰብ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥትም ወደ ቀበሌ ሲያልፍ ፍትሐዊ ይሁንም አይሁንም ማን ያከራያል፣ ማን ይከፍላል የሚለው የታወቀ ነበር። በካምፓላ ንብረቱ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ በቃል ትእዛዝና በጊዜያዊ ደብዳቤ ስላለፈ የባለቤትነት ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ የተበጠሰ ሰንሰለትን መቀጠል ደግሞ ከመውረስ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው የ1970ዎቹ ንግድ በአንድ ቃል «ማጌንዶ» ይባላል፤ ከመዝገብ፣ ከተወሰነ ዋጋና ከጉምሩክ ውጭ የሚካሄድ የጥቁር ገበያ ንግድ ማለት ነው። በ1975 መንግሥት የኢኮኖሚ ወንጀሎች ልዩ ፍርድ ቤት የሚያቋቁም ድንጋጌ አውጥቶ ዕቃ መደበቅንና ከተተመነው ዋጋ በላይ መሸጥን በከባድ ቅጣት አስፈራራ፤ በናካሴሮ አናት ደግሞ የስቴት ሪሰርች ቢሮ የሚባለው የስለላ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሰዎች ገብተው የማይወጡበት ሕንጻ ሆነ። ቅጣቱ እየከበደ በሄደ መጠን መዝገቡ ባዶ እየሆነ መጣ፤ ለመመዝገብ መቅረብ ማለት ለመወረስ ወይም ለመታሰር ራስን ማጋለጥ ስለሆነ ነጋዴው ከመታየት መሰወርን መረጠ። የካምፓላ ነጋዴ ለቅጽ ያለውን ጥርጣሬ ከስንፍና ወይም ከግብር መሸሽ ብቻ የመነጨ አድርገው የሚያቀርቡት ጥናቶች ይህን አሥር ዓመት ሊዘሉት አይገባም ነበር።

አሚን በ1979 ከወደቀ በኋላ በ1982 የወጣው የተወረሱ ንብረቶች ሕግ በመካከል የተደረጉትን የንብረት ዝውውሮች ሽሮ፣ የቀድሞ ባለቤቶች በ90 ቀናት ውስጥ ለሚኒስትሩ እንዲያመለክቱ ፈቀደ። ለመውጣት 90 ቀን፣ ለመመለስም 90 ቀን መሆኑ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሌስተር ወይም በቶሮንቶ ሱቅ ከፍቶ ለሚኖር ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ጊዜው ተራዝሞ፣ አብዛኛው መመለስ የተካሄደው ከ1986 በኋላ በዮዌሪ ሙሴቬኒ መንግሥት ዘመን፣ በተለይም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማድቫኒን የመሳሰሉ ቤተሰቦች ወደ ስኳር ፋብሪካቸው ተመለሱ፤ ብዙዎች ግን አልተመለሱም፤ በ2019 እንኳ ፓርላማው ባለአደራ ቦርዱ የያዛቸውንና ያስተላለፋቸውን ንብረቶች ሲመረምር ነበር።

ዘመናዊው የቁጥጥር ማሽን የተገጣጠመው በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። የዩጋንዳ ገቢዎች ባለሥልጣን በ1991 ተቋቋመ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የሽያጭ ደረጃ በተጨመረው ዋጋ ላይ የሚሰላ ግብር፣ በሐምሌ 1996 ሲጀመር የካምፓላ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃወሙ፤ መንግሥትም ለመመዝገብ የሚያስገድደውን ዓመታዊ ሽያጭ ከ20 ሚሊዮን ወደ 50 ሚሊዮን ሽልንግ ከፍ አደረገ። በ1998 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የዩጋንዳ ምዝገባ አገልግሎት ቢሮ ከፍትሕ ሚኒስቴር ተላቅቆ ራሱን ችሎ መሥራት የጀመረው በ2010 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት መቀመጫው በናካሴሮ ጆርጅ መንገድ ላይ የሚገኘው ጆርጂያን ሃውስ ነበር፤ ኋላ ወደ ኮሎሎ ኮረብታ ተዛወረ። በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የ2012 የኩባንያዎች ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኩባንያ እንዲያቋቁም ፈቀደ፤ ይህም የዱካውን ባለቤት ያለ ስም አበዳሪ ዘመድ ወደ መዝገቡ የሚያስገባ በር ነበር።

ሶፍትዌሩ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በዓለም ደረጃ የተገዢነት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያና ገበያ የሆነው የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ2001 መጨረሻ ከከሰረና በ2002 የሳርቤንስ ኦክስሌይ ሕግ የኩባንያ አለቆችን ለሂሳብ ሪፖርታቸው በግል ተጠያቂ ካደረገ በኋላ ነው። በካምፓላ የሥራው ይዘት ከዚያ ይልቅ የዕለት ተዕለት ነው፤ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቀነሰው ግብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ እንዲሁም ከሠራተኛው 5፣ ከአሠሪው 10 በመቶ የሚሰበሰበው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ሁሉም በተከታዩ ወር እስከ 15ኛው ቀን መግባት አለባቸው፤ ዓመታዊው መግለጫ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ከተካሄደ በ42 ቀናት ውስጥ ይቀርባል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ቀኖች ይቆጥራል፣ ማን ምን እንደፈረመ ይይዛል፣ ያለፈውንም በቀይ ያሳያል፤ ቀድሞ በጸሐፊዋ ማስታወሻ ደብተርና በሂሳብ ሹሙ ጭንቅላት ይያዝ የነበረው ነገር ነው። ሊሠራው የማይችለው ነገር የተሰጠው ስም እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ነው።

ለዚህም መልስ እንዲሆን በ2022 የተሻሻለው የኩባንያዎች ሕግ «እውነተኛ የጥቅም ባለቤት» የሚባለውን፣ ማለትም በመዝገቡ ላይ ስሙ ቢኖርም ባይኖርም ኩባንያውን በመጨረሻ የሚያዘውንና ትርፉን የሚያገኘውን ሥጋ ለባሽ ሰው፣ ማሳወቅን ግዴታ አደረገ። ግፊቱ ከውጭም ነበር፤ የገንዘብ ማጠብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ዩጋንዳን በየካቲት 2020 በግራጫ ዝርዝሩ፣ ይኸውም ልዩ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር፣ ውስጥ አስገብቷት ነበር፤ ኢትዮጵያም ከ2017 እስከ 2019 በዚያው ዝርዝር ውስጥ ቆይታለች። የሕጉ ሐሳብ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ንብረቱን በዝርዝር እንዲያሳውቅ ታዝዞ በዚያው ዝርዝር የተነቀለ ትውልድ ባለፈበት ገበያ ውስጥ ባለቤትህን አሳውቅ የሚለው ትእዛዝ በለንደን እንደሚሰማው አይሰማም፤ ይህን ያልተረዳ ሶፍትዌርም ሆነ ሹም ከነጋዴው የሚያገኘው የተሞላ ቅጽ እንጂ እውነት ላይሆን ይችላል።

ከጥር 2021 ጀምሮ ገቢዎች ባለሥልጣን ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ እያንዳንዱን ሽያጭ ኤፍሪስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት በኩል እንዲቆርጥ አስገድዷል፤ የመርካቶ ነጋዴ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ጋር ያደረገውን ግብግብ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ኤፍሪስ ደረሰኙን በቀጥታ ወደ ባለሥልጣኑ ቋት መላኩ ነው። በየካቲት 2024 ግብረ ኃይሉ ፓሪስ ላይ ተሰብስቦ ዩጋንዳን ከግራጫ ዝርዝሩ አወጣት። ከሁለት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 2024፣ ኤፍሪስንና ቅጣቱን የተቃወሙ የካምፓላ ነጋዴዎች፣ የጅምላ ንግድ የሚካሄድበትን የኪኩቦን ጠባብ መንገድ ጨምሮ፣ ከናካሴሮ ግርጌ ያሉ ሱቆቻቸውን ለቀናት ዘጉ።